የባስ ተጫዋችና የሚሸከመው ማጉያ

የጃዝ ባስ ድምፅ በጥሩምባና በከበሮ መካከል እየተዋጠ ይቀር ነበር። ስለዚህ ኤቨረት ኸል የተባለው አሜሪካዊ የባስ ተጫዋች በ1946 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ማይክሮፎን በመሣሪያው ሆድ ውስጥ፥ ከሚቆምበት ዘንግ ጫፍ ላይ አኖረ፤ አምፔግ የሚለውም ስም «የሚያጎላ ዘንግ» እንደ ማለት ነው።

ድምፁስ ጎላ፤ ማጉያውን ግን ማን ይሸከመዋል? የታሪክ ጸሐፊ ይህን ሊዘልለው ይችላል፤ ለእኛ ግን ዋናው ጥያቄ ይኸው ይመስለናል። ባሱ ራሱ ለአንድ ሰው በቂ ሸክም ነውና። ጄስ ኦሊቨር የነደፈው፥ በ1960 የወጣው ፖርታፍሌክስ 25 ዋት ኃይልና ባለ 15 ኢንች ስፒከር ነበረው። የኤሌክትሪኩ ክፍል በጉዞ ጊዜ ከነክዳኑ ተገልብጦ ሣጥኑ ውስጥ ስለሚገባ የመስታወት ቫልቮቹ ከግጭት ይጠበቃሉ፤ ከመድረክ ሲደርስ ተመልሶ ከላይ ይቆማል። ክብደቱ ግን ቀላል አልነበረም! ኸል የጠራ ድምፅ ወዳጅ፥ የሮክ ኤንድ ሮልን ጩኸት የሚጠላ ሰው ስለ ነበረ፥ ሻካራ ድምፅ የፈለገ ወጣት ሌላ ማጉያ መፈለግ ነበረበት።