ጎተራና ገመድ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ ማንኩሳን አቋርጦ ያልፋል። የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ማንኩሳ ሲባል ትዝ የሚለው በዛብህ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የተወለደው እዚያ ነውና። እኔ ግን የዚያ ሰፈር ስም በተነሣ ቁጥር ቀድሞ ዓይኔ ላይ ድቅን የሚለው የአያቴ ጎተራ ነው። ከቀጫጭን ዕንጨት የተጠለፈ፣ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ የተለሰነ፣ ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሣር ክዳን የደፋ ክብ ጎተራ።

የክብን ስፋት በትምህርት ቤት በተማርሁበት ዓመት፣ ለገና ዕረፍት ስሄድ አንድ ገመድና አንድ ደብተር ይዤ ጎተራውን ከበብሁት። ዙሪያው 4 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ሆነ። የዙሪያውን ልክ በራሱ አባዝቼ፣ ለ4 ጊዜ 3.14 አካፍዬ፣ በቁመቱ አበዛሁት፤ ሁለት ሜትር ኩብ ተኩል ያህል ወጣ። ይህ በጤፍ ቢተመን ሃያ ኩንታል ግድም ነው። እየሮጥሁ ሄጄ ለአያቴ «ጎተራዎ ሃያ ኩንታል ይይዛል» አልኋቸው።

«አሥራ ሰባት እንኳ በግድ ነው» አሉኝ። ከዚያም ጥቂት ዝም ብለው፦ «ልጄ፣ ጭቃውንም ሰፈርኸው እንዴ?»

እውነትም ሰፍሬው ነበር። ግድግዳው አምስት ሳንቲ ሜትር ቢወፍር፣ በውጭ በኩል የዞረው ገመድ ከጠቅላላው ይዘት 15 በመቶ ያህሉን ጭቃ እህል አድርጎ ይቆጥረዋል። ክብ ነገር እንዲህ ነው፤ በዳር ያለች ትንሽ ስሕተት ወደ ውስጥ ስትገባ ትገዝፋለች። አያቴ ይህን በቀመር አያውቁትም። የጎተራውን ሆድ በጣታቸው እያንኳኩ እህሉ የት ላይ እንደ ደረሰ ከድምፁ ይለዩ ነበር እንጂ።

በኋላ ዘመን ስለዚሁ ነገር ሳነብ አንድ ጥንታዊ ጽሑፍ አገኘሁ። አሕመስ የተባለ ግብፃዊ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ ከእርሱ ከቀደመ ጽሑፍ የገለበጠው የፓፒረስ ጥቅል ነው። በዚያ ጥቅል ውስጥ 41ኛው ጥያቄ ስለ ክብ ጎተራ ነው! አግድመቱ 9 ክንድ፣ ቁመቱ 10 ክንድ የሆነ ጎተራ ምን ያህል ይይዛል? ከአግድመቱ ላይ አንድ ዘጠነኛውን ቀንስ፣ 8 ይቀራል፤ በራሱ ሲባዛ 64፤ በቁመቱ ሲባዛ 640። ትክክለኛው 636 ግድም ነውና ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሳተም። ከዚያ በኋላ ጸሐፊው ያንን ቁጥር ወደ እህል መስፈሪያ ይለውጠዋል፤ የፈለገው የክቡን ምሥጢር ሳይሆን እህሉን ነበርና። ያን አገር የሚያለማው ደለል ከየት እንደሚወርድ የጎጃም ሰው አይጠፋውም። ግሽ ዓባይ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ሩቅ አይደለም፤ ሰከላ ነው። በአንድ ወንዝ ራስና እግር የሚኖሩ ሁለት ገበሬዎች እህላቸውን በክብ ጎተራ ከተቱ፤ በታችኛው ደጃፍ ግን ብዕር የያዘ የመንግሥት ጸሐፊ ገና በዚያ ዘመን ቆሞ ነበር።

ባቢሎናውያን ደግሞ ዙሪያውን በራሱ አባዝተው ለ12 ያካፍሉ ነበር። ዙሪያው የአግድመቱ ሦስት እጥፍ ነው ብሎ እንደ መውሰድ ነው፤ ሰሎሞን ያሠራው የናስ ኩሬም በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ አግድመቱ 10፣ ዙሪያው 30 ክንድ ተብሎ ተጽፏል። ለመቅደስ ዕቃ ይህ አይጎዳም። በአያቴ ጎተራ ላይ ቢሠራበት ግን አንድ ኩንታል ግድም የሌለ ጤፍ ይፈጥራል። የሌለውን ጤፍ ማን ይከፍላል?

ቁናም ክብ ነው፤ ክርክሩም ያው። ጥልቀቱ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ቁና ከአፉ ጋር እኩል ተጠርጎ ሲሰፈርና ስድስት ሳንቲ ሜትር ቁልል ተደርጎበት ሲሰፈር አንድ አይደለም። ቁልሉ ሾጣጣ ነውና ይዘቱ የመሠረቱና የቁመቱ ብዜት ሲሶ ነው፤ ስለዚህ ቁናው ጠባብም ይሁን ሰፊ ትርፉ አንድ ስድስተኛ ይሆናል። ተጠርጎ የተበደረ፣ ተቆልሎ ሲከፍል ከስድስቱ ቁና ጋር ሰባተኛውን ሳይጠራ ይሰጣል። አያቴ እህል ሲያበድሩም ሲመልሱም በዚያው በአንድ ቁና ነበር፤ ቁናውንም ለማንም አያውሱም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ 1960 ዓ.ም. ለመናገር ነው። የ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጅ ሌላውን አገር በጋሻ እየለካ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ሲመድብ፣ ጎጃም፣ ቤጌምድርና ትግራይ በቀድሞው ልክ እንዲገብሩ ተወ። የጎጃም ርስት ገመድ ሳይነካው ቀረ ማለት ነው። በ1960 ዓ.ም. ግን አሥራትን የሚተካ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ፤ ግብሩ የሚጣለውም በዓመቱ ምርት ግምት ላይ ሆነ። ገማች ሊመጣ ነው። ገበሬው ይህ መሬት ለክቶ ርስት ለመንጠቅ መንገድ ጠረጋ ነው ብሎ ጠረጠረ፤ ገማቾችን አላስገባም አለ። በዳሞት፣ በሞጣና በቢቸና ሰው ጠመንጃውን አነሣ። ጦር ዘመተበት፤ አውሮፕላንም ደበደበው። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፍ ግብሩም ተሰረዘ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍም ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ በላይ ሲጠይቋቸው ገበሬዎቹ አንገብርም ብለው ተነሥተዋል።

አንዳንድ ጸሐፊ ይህን ዐመፅ ለለውጥ ጀርባውን የሰጠ ባላገር ግትርነት አድርጎ ያየዋል። ርስትን የሙጥኝ ማለቱ እውነት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ለእኔ የአያቴ ጥያቄ ይመጣብኛል። ከውጭ ሆኖ የሚለካ ሰው ጭቃውን ከእህሉ መለየት አይችልም፤ በሩን ከፍቶ የሚያሳየው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ ባለቤቱም የሚያሳየው ለሚያምነው ነው።

አያቴ በዚያ ዓመት የት እንደ ነበሩ ስጠይቃቸው «እዚሁ» ከማለት በቀር አልመለሱልኝም።

ከሞቱ በኋላ ስሄድ ጎተራው ፈርሶ አገኘሁት። እህሉ በማዳበሪያ ከረጢት ተደርጎ ከቤት ውስጥ ተደርድሯል። ጎተራው በነበረበት ቦታ ድንጋዮቹ በክብ እንደ ተቀመጡ ናቸው፤ ላያቸው ላይ የደረቀ ጭቃ ቀለበት ቀርቷል። ጎንበስ ብዬ የቀለበቱን ውፍረት በጣቴ ለካሁ፤ ሦስት ጣት ነበር።