የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአገራችን ፍርድ ቤቶች

አባትና እናት ሲለያዩ ወይም አንዳቸው ሲሞቱ «ልጁ ከማን ጋር ይኑር?» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ዳኞች በዚህ ጊዜ ዓለም አቀፍ ሕግን እንዴት ይጠቀማሉ? በአጭሩ እንመልከት።

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 10/1984 አጽድቃዋለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ሆኖም የኮንቬንሽኑ ሙሉ ቃል ከአዋጁ ጋር በነጋሪት ጋዜጣ ስላልታተመ፣ ፍርድ ቤቶች ሊጠቅሱት ይችላሉ ወይ የሚል ክርክር ቆይቷል።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. የሰጠው ውሳኔ እዚህ ላይ ትልቅ ቦታ አለው። እናቱ የሞተችበትን ሕፃን ያሳደገችው አክስቱ ነበረች። ከዓመታት በኋላ አባት ሞግዚትነቱን ጠየቀ፤ የሥር ፍርድ ቤቶችም በሕይወት ያለው ወላጅ ይቀድማል ብለው ፈረዱለት። ሰበር ችሎቱ ግን የኮንቬንሽኑን አንቀጽ 3 እና የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36(2) ጠቅሶ ውሳኔውን ሻረ። የወላጅ መብት ከልጁ ደህንነት ጋር ሲጋጭ የልጁ ደህንነት ይቀድማል ማለት ነው። ሰበር ችሎቱ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል።

ጉዳዩ እኛንም በቀጥታ ይመለከታል። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተከራካሪዎቹ ፈቃዳቸውን ሲሰጡ የሞግዚትነትን ጉዳይ ያያሉ። አንቀጽ 36(2) ፍርድ ቤቶችን ሲጠቅስ አንዱን ከሌላው አይለይም። ፉቀሃዎችም ሐዷናን ሲያብራሩ ዓላማው የልጁን መስለሐ መጠበቅ እንደሆነ ያስረዳሉ።

ስለዚህ ወደ ችሎት የምንቀርብ ሁሉ «ልጁ የእኔ ነው» ማለት ብቻ አይበቃንም። ልጁን ማን እንዳበላው፣ ማን እንዳስተማረው፣ ሲታመም ማን እንዳሳከመው በሰነድና በምስክር እናሳይ። በኮንቬንሽኑ አንቀጽ 12 መሠረት የራሱን ሐሳብ መግለጽ የሚችል ልጅ እንዲደመጥም እንጠይቅ። የሚፈረደው በልጁ ሕይወት ላይ ነውና ልጁ ሳይሰማ መዝገቡ መዘጋት የለበትም።