ካምቢዮ፦ ከትሬንታ ኳትሮ እስከ ሲኖትራክ



ሰሞኑን ከተማሪዎቼ አንዱ በውስጥ መስመር ጥያቄ ላከልኝ። አሁን የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከወንድሞቹ ጋር ከባንክ ተበድረው ያገለገለ መኪና ከነተሳቢው ሊገዙ ነው። "ቲቸር፣ ማንዋል ካምቢዮ ይሻላል ወይስ አውቶማቲክ? የቱ ነው የሚበረክተው?" ይላል። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ግን ጥያቄው ታሪክ አለው፤ መልሱም ያለው እዚያው ታሪክ ውስጥ ይመስለኛል።

እስቲ ከቃላቱ እንጀምር። ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ፣ ጎማ፣ ዳገት ላይ ረዳቱ ይዞ የሚሮጠው ታኮ ሳይቀር፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የሰፈራችንን ስም ደግሞ ተመልከቱ። ያለ ገመድ መልእክት የሚያስተላልፈው ጣቢያ ሲተከል የኛ ሰው "ንፋስ ስልክ" ብሎ በራሱ ቋንቋ ሰየመው። ካምቢዮን ግን እንዳለ ወሰደው። ለምን? ሬዲዮ ጣቢያው ጥቂት ባለሙያዎች የሚሠሩበት ቦታ ነበር። ካምቢዮን ግን በየጋራዡ ብዙ እጅ ፈታው፣ ገጠመው። ሙያውን ከጣሊያን መካኒክ ጎን ቆሞ የተማረ ሰው ቃሉንም አብሮ ተማረ።

መኪናው የመጣው ግን በሰላም አልነበረም። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ ነበር። ያን ሁሉ ብረት ጣርማበር አስቆመው። መንገዱ ተቆርጦ፣ ዝናብ ጥሎ፣ ጭቃ ይዞት ወታደሩ መኪና ሲገፋ ሰነበተ። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ጣሊያን ከዚያ በኋላ መንገዱን ሠራ፤ ጣርማበር ላይም 587 ሜትር የሚረዝመውን ዋሻ በረበረ። የኛ ተራራ ለከባድ መኪና ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ገብቶት ነበር።

በዚያ ዘመን በሰፊው ከታዩት መኪኖች አንዱ ፊያት 634 ነው። በ1931 እ.ኤ.አ. የወጣ ናፍጣ የሚጠጣ ከባድ መኪና ነው፤ የኛ ሰው "ትሬንታ ኳትሮ" አለው፤ ሠላሳ አራት ማለት ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ መኪኖቹ ቀሩ፤ ከመካኒኮቹም ብዙዎቹ እዚሁ ቀሩ። ቀጥሎ ፊያት 682 መጣ። በ1952 እ.ኤ.አ. መመረት የጀመረ፣ በአህጉሩ "የአፍሪካ ንጉሥ" የተባለ መኪና ነው። ኤን 3 የሚባለውን ዓይነት እኛ "ኤንትሬ" እንለዋለን። የአሰብን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ኤንትሬን ያውቃል።

የኤንትሬ ካምቢዮ አራት ማርሽ ከነመቀነሻው ነው፤ አራቱ በከባድ፣ አራቱ በቀላል፣ በድምሩ ስምንት። ይህ ምን ይጠቅማል? በቁጥር ልንገራችሁ። ለምሳሌ አንድ ሞተር 1,000 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል አለው እንበል። ካምቢዮው በአንደኛ ማርሽ 10 ጊዜ ያበዛዋል፤ ዲፈረንሻሉ ደግሞ 5 ጊዜ። ጎማው ዘንድ ሲደርስ ወደ 50,000 ገደማ ሆኗል ማለት ነው። ፍጥነቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ጭነቱ ግን ዳገቱን ይወጣል። ደካማ ሞተር በጥሩ ካምቢዮ ተራራ ይወጣል የሚባለው ለዚህ ነው።

ወገኖቼ፣ ካምቢዮ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ግን ቁልቁለት ላይ ነው። ከጣርማበር ተነስታችሁ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት እስክትደርሱ ከ1,500 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። 40 ቶን የሚመዝን መኪና 1,500 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 16 ሊትር ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ሲነድ ከሚሰጠው ሙቀት ጋር እኩል ነው። የተወሰነውን ነፋስና ጎማ ይበሉታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ በከባድ ማርሽ ይይዘዋል፣ ወይ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ፍሬን ሲግል ደግሞ መያዙን ይተዋል። የድሮ ሹፌሮች "ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ" የሚሉት የብዙ ሰው ሕይወት የተከፈለበትን ትምህርት ነው። ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሰው የቆጠበው ናፍጣ ሳይሆን የራሱንና የሌላውን ዕድሜ ነው ያሳጠረው።

ግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር አሰብ ተዘጋና ጭነቱ በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። በአምቼ የሚገጣጠሙት ኢቬኮዎች ሲሠሩ ቆይተው፣ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሲኖትራክ አገሩን ሞላው። በቀለሙና ባደረሰው አደጋ "ቀይ ሽብር" እስከመባል ደረሰ። ብዙዎቹ የያዙት ካምቢዮ ባለ 10 ማርሽ ነው፤ አምስት በከባድ፣ አምስት በቀላል። ልብ በሉ፣ ሐሳቡ ያው የኤንትሬ ነው። መቀነሻውን በአየር ማዘዙ ነው ልዩነቱ።

አውቶማቲኩስ? ቮልቮ አይ-ሺፍት የሚለውን በ2001 እ.ኤ.አ. አወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። በከባድ መኪና ላይ አውቶማቲክ ከምንላቸው ብዙዎቹ ውስጣቸው ያው ጥርስና ያው ፍሪሲዮን ነው። ፍሪሲዮኑን የሚረግጠውና ማርሹን የሚቀይረው ግን በኮምፒውተር የሚታዘዝ አየር ነው። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፦ ያልሠለጠነ እግር ፍሪሲዮን አያቃጥልበትም፣ ያልሠለጠነ እጅ ጥርስ አይሰብርበትም። ችግሩ ሲበላሽ ነው። አንዲት ሴንሰር ስትሞት መፍቻ ብቻውን አያድንም፤ ኮምፒውተርና የሚያነበው ሰው ይፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። ኤንትሬ ይህን ያህል ዘመን የኖረው ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከ አሰብ በየከተማው ካምቢዮውን የሚፈታ እጅ ስለነበረ ነው። የካምቢዮ ዕድሜ ግማሹ ፋብሪካ ውስጥ ይወሰናል፤ ግማሹን የምንወስነው እኛ ነን።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ከመግዛትህ በፊት እነዚህን ጠይቅ። መኪናው ሚሌ ላይ ቢቆም ማን ይፈታዋል? የመኪናው ስም ሳይሆን የካምቢዮው ስም ምንድን ነው? መለዋወጫውስ እዚህ አለ? ዘይቱ በጊዜው ይቀየር ነበር? ከባዱ ማርሽና የሞተር ፍሬኑ በትክክል ይሠራሉ? መኪና ሲቆም የባንኩ ወለድ አብሮ አይቆምም። ዛሬ ባለው ጋራዥና መለዋወጫ የምትመላለሰው በጅቡቲ መንገድ ከሆነ፣ እኔ ብሆን ብዙ ሰው የሚያውቀውን ማንዋል እመርጣለሁ። አውቶማቲኩን የሚያክም ባለሙያ በየመንገዱ ሲበዛ መልሴም ይቀየራል። በንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክም ሆነ በሌላ ቦታ አውቶ የምትማሩ ልጆቼ፣ ይህ የናንተ የቤት ሥራ ነው።

በአሰብ መንገድ ትሬንታ ኳትሮ ወይም ኤንትሬ የነዳ አባት ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ ጠይቁልኝና ጻፉልኝ። ይህ ታሪክ በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ የለም፤ ያለው እነሱ ዘንድ ነው።

መልካም መንገድ ለሹፌሮቻችን!