ሙሽራዋና ጥቁሩ ዓይነ ርግብ

ጥምቀት አልፎ የጥር ሠርግ ሲገባ በለገጣፎ፣ በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ ቤተ ዘመድ ከሚነጋገርባቸው ጉዳዮች አንዱ ቀለም ነው። የሙሽራዋ ቬሎ ነጭ መሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው የሴት ሚዜዎቹ ቀሚስ፣ የወንዶቹ ክራቫት፣ የአዳራሹ መጋረጃና የጠረጴዛ አበባ ወይን ጠጅ ይሁን ሮዝ፣ ወርቅማ ይሁን ክሬም የሚለው ነው። ነጩን የማይነካ የሚያደርገውም «የሙሽራ ቀለም ከጥንትም ነጭ ነው» የሚለው እምነት ነው። ስለ ኢትዮጵያ ሠርግ ከተጻፉት ቀደምት ዝርዝር ምስክርነቶች አንዱ ግን ከዚህ ጋር አይስማማም።

ምስክሩ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከአገሩ መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል መጥቶ ስድስት ዓመት ቆየ፤ መጽሐፉም በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። ያየውን አንድ ሠርግ ሲተርክ፣ በግቢ ውስጥ አልጋ ተዘርግቶ ሙሽሮቹ እንደተቀመጡበት፣ ካህናትም እየዘመሩ አልጋውን እንደዞሩ ይናገራል። ከዚያ ከሙሽራውም ከሙሽራዋም ራስ ጥቂት ፀጉር ተቆርጦ በጠጅ ይነከራል፤ የእሱ በእሷ፣ የእሷም በእሱ ራስ ላይ ይደረጋል። ጸበል ተረጭቶ ድግሱ ካበቃ በኋላ ሙሽሮቹ ቤት ይገባሉ፤ ለአንድ ወር ከአንድ ሚዜ በስተቀር ሙሽራዋን የሚያይ የለም። የተከበረ ወገን ልጅ ከሆነች ደግሞ አምስት ስድስት ወር ከቤት አትወጣም፤ በፊቷ ላይም ጥቁር ዓይነ ርግብ ይውላል። ዓይነ ርግቡ የሚነሣው ካረገዘች ወይም ወራቱ ከሞላ ነው።

ዛሬ ጥቁር የሐዘን ልብስ ስለሆነ ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ቄሱ ተሳስቷል ለማለት ይቸኩላል። ሰውየው የውጭ አገር ሰው ነው፤ የፀጉሩ ሥርዓትም በዛሬው ተክሊል አይገኝም። ነገር ግን አልቫሬዝ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያንን የሚለይ ካህን ነበር፤ አቡነ ማርቆስ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የባረኩትን ሠርግ ከዚህኛው ለይቶ ጽፏል። ዓይነ ርግቡ የሚነሣበትን ጊዜ እስከማስታወስ የሚደርስ ዝርዝር ደግሞ ከአየር የሚፈጠር አይመስልም። ቀለም ትርጉሙን መለወጡ በሌላም አገር ታይቷል። የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ እ.ኤ.አ. በ1558 ፓሪስ ላይ ስታገባ ነጭ ለብሳ ነበር፤ በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ግን ነጭ በዚያን ጊዜ የንግሥቶች የሐዘን ልብስ ነበር።

ከአልቫሬዝ ወዲህ ባሉት ዘመናት በኢትዮጵያ የልብስን ቀለም የወሰኑት ሸማኔው ያገኘው ድርና የባለቤቱ ማዕረግ ነበሩ። ፈትሉ ጥጥ ስለሆነ ሸማው ነጭ ነው። ለጥለት የሚሆነው ቀይና ሰማያዊ ክር ብዙ ጊዜ ከውጭ የመጣ ጨርቅ እየተተረተረ ይገኝ ነበር። ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖም ሁሉ እንደፈለገው የሚለብሰው አልነበረም። የሙሽራዋ እጅና እግር በእንሶስላ ይቀላ ነበር። ያም ሆኖ ቀለም ተማክሮ መምረጥ የሚባል ነገር በዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙም ቦታ አልነበረውም።

ነጩ ቬሎ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መነሻ እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 1840 ሲሆን፣ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በነጭ ሳቲንና በሆኒተን ዳንቴል ያገባችበት ዕለት ነው። ነጭ የለበሰች የመጀመሪያዋ ሙሽራ እሷ አለመሆኗን የሜሪ ሠርግ ራሱ ያሳያል፤ የቪክቶሪያ ድርሻ ወጉን ማስፋፋቱ ነው። ወደ አዲስ አበባ የገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ አገር በቀሉን ልብስ ግን አላስወጣውም። ቬሎው ለሠርጉ ቀን፣ ሀበሻ ቀሚስና ወርቀ ዘቦ ካባው ለመልሱ ሆነው ተካፈሉ።

በመነሻው የተጠቀሱት አራቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በእነዚህ ከተሞች የኦሮሞ ቤተሰብ በሚደግሰው ሠርግ የገዳው ጥቁር፣ ቀይና ነጭ በሙሽሮቹ ልብስ ላይ ይታያል፤ እናት ለምታገባ ልጇ የምትሰጣት ስንቄ የሚባለው በትርም ከድሮው ሥርዓት የቀጠለ ነው። ጥቁሩ እዚህ የሐዘን አይደለም። ዲኮር የሚሠሩ ሰዎችም መጋረጃና አበባውን ከጥለቱ ጋር ለማስማማት ቀሚሱን አስቀድመው ማየት ይፈልጋሉ። ቀሚሱ ሽሮ ሜዳ ሲታዘዝ የሙሽራው ኩታ ጥለትም ከሙሽራዋ ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን ስለሚፈለግ፣ የሁለቱ ልብስ ለአንድ ሸማኔ አብሮ ይሰጣል።