የስቲል ጊታር የብቻ ትርኢት

የስቲል ጊታር የብቻ ትርኢት አንድ ሙዚቀኛ ያለ አጃቢ ቡድን፣ መሣሪያውን ጭኑ ወይም ማቆሚያ ላይ አጋድሞ፣ አውታሮቹን በቀኝ እጁ ጣቶች እየመታ፣ በግራ እጁ የያዘውን የብረት ዘንግ በላያቸው እያንሸራተተ የሚያቀርበው ዝግጅት ነው። ስልቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሃዋይ የተወለደ ሲሆን፣ ፈልሳፊነቱ በአብዛኛው የሚሰጠው ከኦዋሁ ደሴት ለተገኘው ለጆሴፍ ኬኩኩ ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በየቴአትር ቤቱ እየተጫወተ መሣሪያውን አስተዋውቋል።

የብቻ ተጫዋች ዋና ፈተና ዘንጉ ቀጥ ያለ መሆኑ ነው። የሚነካቸውን አውታሮች ሁሉ በአንድ መስመር ስለሚይዛቸው፣ ኮርዶች (በአንድ ጊዜ የሚሰሙ የድምፆች ጥምር) በቅኝቱ የተወሰኑ ይሆናሉ፤ ስለዚህም ተጫዋቹ ዘንጉን ያጋድላል፣ ወይም የተወሰኑ አውታሮችን ሳይመታ ያልፋል። በኋላ የመጣው ፔዳል ስቲል ግን በእግር ፔዳሎችና በጉልበት በሚገፉ ማንሻዎች የአውታሮቹን ቅኝት በጨዋታ መካከል ስለሚለውጥ፣ ዜማውን፣ ወፍራሙን ድምፅና ኮርዱን አንድ ሰው ብቻውን እንዲሸከም በር ከፍቷል።

ይህን ዕድል እስከ ዳር ከወሰዱት መካከል አሜሪካዊቷ ሱዛን አልኮርን (1953–2025) ቀዳሚ ስፍራ ይገባታል፤ በካንትሪ ባንዶች ውስጥ አጃቢ ሆኖ የኖረውን መሣሪያ ለብቻው መድረክ ላይ አውጥታ፣ የኦሊቪዬ ሜሲያንንና የአስቶር ፒያዞላን ድርሰቶች ሳይቀር ተጫውታበታለች።