የሰፈር እድሳትና የጽሑፍ ውል



ውሉ የጠፋበትን ልቃቂት የያዘ ሰው ከወዴት እንደሚጀምር አያውቅም። በቋንቋችን የፈትሉም ጫፍ የሰዎችም ስምምነት በአንድ ቃል «ውል» መባሉ ያለ ምክንያት አይመስለንም።

በ18ኛውና በ19ኛው ምዕት ዓመት በጎንደርና በአካባቢዋ ርስት ሲሸጥ የሻጩና የገዢው ስም፣ ዋጋው፣ ዋሱና ምስክሮቹ በቤተ ክርስቲያን የወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይጻፉ ነበር። ይህም ስለ መጽሐፉ ቅድስና ብቻ አልነበረም፤ ምስክር ይሞታል፣ ዋስም አገር ይለቃል፣ ብራናው ግን ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ ይቆያል። ያን ኅዳግ የዛሬው መዝገብ ቤት አባት ብንለው ማጋነን አይሆንብንም።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ እንዲመዘገብ፣ በቍጥር 1727ም ሁለት ምስክሮች እንዲያረጋግጡት ደነገገ። ሥርዐቱ ካልተጠበቀ ደግሞ፣ በቍጥር 1720 መሠረት፣ ወረቀቱ ረቂቅ እንጂ ውል አይደለም። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን ቍጥር 1728 ነው፤ ዐይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያኖረው የጣት ምልክት በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በሥራው ላይ ባለ ዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። በአሮጌ ሰፈር አርጅተው ፊደል ሳይቈጥሩ የቀሩትን እናቶችና አባቶች ያሰበ ይመስላል።

በ1967 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ የውሉ ዐይነት ተለወጠ እንጂ አስፈላጊነቱ አልቀነሰም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ ዐዋጅ ቍጥር 721 የግንባታው መጀመሪያና ማለቂያ ጊዜ እንዲሁም የአከፋፈሉ ሁኔታ በሊዝ ውሉ ውስጥ እንዲገለጥ አዘዘ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1161 ደግሞ መልሶ በሚለማ ሰፈር ያሉ ባለይዞታዎች በግልም ሆነ ተባብረው እንዲያለሙ ቅድሚያ ሰጠ።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጎረቤታሞች ይዞታቸውን፣ ባለሀብቱ ገንዘቡን ይዘው ሲገናኙ፣ «ፎቁ ሲያልቅ ተመጣጣኝ ቤት ይደርሳችኋል» ተብሎ ይጻፋል። ስንት ካሬ ሜትር ነው? ስንተኛው ፎቅ? እስኪያልቅ የኪራዩን ገንዘብ ማን ይከፍላል? ሥራው ቢቋረጥ መሬቱና የተጀመረው ግንብ የማን ይሆናል? ቍጥር 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ሲሆን ዳኛው ከዚያ ወጥቶ የተዋዋዮችን ሐሳብ በትርጕም እንዳይፈልግ ይከለክለዋል። «ተመጣጣኝ» የሚለውን ቃል ግን ባለሀብቱ አንድ ክፍል፣ ባለይዞታው ሦስት ክፍል አድርጎ ያነብበዋል፤ ክርክሩም በሚሰማበት ቀን አሮጌው ቤት ፈርሶ፣ ቤተሰቡ በኪራይ ቤት ተቀምጦአል።