የሐረር ቤት ውስጣዊ ገጽታና የመቀመጫው ሥርዓት

የሕንፃ ታሪክ ሲጻፍ ዐይን ቀድሞ የሚያርፈው በግንብ፣ በበርና በጣሪያ ላይ ነው። ሐረርም ከሁሉ አስቀድሞ የታወቀችው በጁገል ግንብዋ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው ይህ ቅጥር በአምስት በሮቹ ከተማይቱን ሲጠብቅ ኖሯል። ይሁን እንጂ የነዋሪውን አኗኗር ለመረዳት ለሚሻ ከግንቡ ይልቅ የቤቱ ውስጥ የበለጠ ይናገራል። በጠባቡ መንገድ የሚያልፍ እንግዳ ግራና ቀኝ የሚያየው ከፍ ያለ የግቢ አጥር ብቻ ነው። ውበቱ የተዘጋጀው ለመንገደኛው ሳይሆን ደጁን አልፎ ለሚገባው ነው።

ሐረሪዎች «ጊዲር ጋር» ወደሚሉት ዋና ክፍል የገባ ሰው በጥንቱ ሥርዓት ወንበርም ጠረጴዛም አያገኝም። የቤቱ ዕቃ ራሱ ቤቱ ነው። በድንጋይና በጭቃ ከፍና ዝቅ ተደርጎ የተገነባው መደብ፣ በሐረሪ ቋንቋ «ነደባ»፣ እንደ ደረጃ ክፍሉን ከቦ ይዞታል፤ በቀይ አፈር ተለቅልቆም ምንጣፍ ይነጠፍበታል፣ ትራስ ይደረደርበታል። ነደባዎቹ አምስት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ስምና ባለቤት አላቸው። «አሚር ነደባ» የቤቱ ጌታ መቀመጫ ነው። በ«ጊዲር ነደባ» ሽማግሌዎችና የተማሩ ሰዎች፣ በ«ጢት ነደባ» ታናናሾች ይቀመጣሉ። «ገብቲ ሐር ነደባ» በበሩ ጀርባ የሚገኝ ሲሆን «ሱትሪ ነደባ» ስሙ እንደሚያመለክተው ከዐይን ገለል ያለ ነው።

የዚህ ቤት ሙቀት ምሥጢሩ እዚህ ላይ ይመስላል። የሚገባው ሰው ማንም ይሁን ማን ስፍራው ገና ግድግዳው ሲቆም ተሰናድቶለታል፤ የት ልቀመጥ ብሎ አይቸገርም፤ አስተናጋጁም ወንበር ፍለጋ አይሯሯጥም። እርግጥ ነው፣ ስፍራ ማለት ማዕርግም ማለት ነበር። መደቡ ማን ከማን በላይ እንደሆነ በጭቃ የተጻፈ ሰነድ ነው፤ ይህን ሳይጠቅሱ ውበቱን ብቻ ማወደስ ታሪኩን ግማሽ ማድረግ ይሆናል።

በግድግዳው ውስጥ «ታቄት» የሚባሉ፣ ብዙ ጊዜ ዐሥራ አንድ የሚሆኑ ጎድጓዳ መደርደሪያዎች አሉ፤ መጻሕፍትና የቤት ዕቃዎች ይቀመጡባቸዋል። ከዚያ የተረፈው ግድግዳ የሴቶች ነው። ልጃገረዶች ተሰባስበው የሚማሩት የስፌት ሙያ የሚታየው በዚሁ ግድግዳ ላይ ነው። ስፌቱ «ሞት» ይባላል፤ ቃሉ ከአማርኛው ሞት ጋር በድምፅ ብቻ ይገናኛል። ከእነዚህም መካከል «ሐማት ሞት» የሚባለው፣ ስሙ ከአማት ጋር የተያያዘ የሠርግ ስፌት ነው። እንግዲህ ግድግዳውን የሚያይ ሰው ጌጥ ብቻ ሳይሆን የእናትን፣ የአማትንና የሙሽራን የእጅ ሥራ፣ የቤተሰቡንም የጋብቻ ታሪክ ያነባል። በንግድ የመጡት የሸክላና የብረት ሳሕኖች ከስፌቱ ጎን የተሰቀሉት ኋላ ነው።

የሐረር ግድግዳ ሁሉ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልተሰቀለበትም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ከተማይቱ ገብቶ አሚሩ ፊት በቀረበ ጊዜ ያየው አዳራሽ በኖራ የተለሰነ ነበር፤ ከግድግዳውም የተሰቀሉት የዛጉ ጠመንጃዎችና የተወለወሉ የእግር ብረቶች ነበሩ። ጠመንጃው ዝጎ እግር ብረቱ መወልወሉ የአገዛዙን ነገር ያለ ብዙ ቃል ይገልጣል። በሕዝቡ ቤት ስፌት በተሰቀለበት ስፍራ በአሚሩ ዘንድ የተሰቀለው ሰንሰለት ነበር።

ስለ ቀዩ ቀለም የሚነገር አንድ ትረካ አለ። በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት አሚር አብዱላሂ በምኒልክ ጦር ድል ሲሆኑ የወደቁት ሰዎች ደም እንዳይረሳ ነደባው ቀይ ሆነ ይባላል። ቀይ አፈር በአካባቢው የሚገኝ የልስን አፈር በመሆኑ፣ ልማዱ ከጦርነቱ በፊትም ኖሮ ትርጉሙ በኋላ የታከለበት ሳይሆን አይቀርም። ቢሆንም ሕዝብ በየዕለቱ የሚቀመጥበትን መደብ የሐዘን መታሰቢያ አድርጎ መያዙ ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው።

ከዋናው ክፍል ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል «ኪርታት» ትባላለች። ሙሽሮች የመጀመሪያዎቹን ቀናት በዚህች ክፍል ተከልለው እንደሚያሳልፉ ይነገራል።

ከ1879 ዓ.ም. በኋላ የሕንድ ነጋዴዎች ወደ መንገድ የሚመለከት መስኮትና የእንጨት ሰገነት ያለው ቤት ይዘው መጡ። አዲሱ ቤት ፊቱን ወደ ገበያው አዞረ፤ የሐረሪው ቤት ግን ጀርባውን ለመንገዱ እንደ ሰጠ ቆየ። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከግንቡ ጋር እነዚህ ቤቶችም ተቆጥረዋል። ዛሬ በብዙዎቹ ነደባው በዘይት ቀለም ይቀባል፤ በቀላሉ ስለሚጸዳ በዚህ የቤቱን እመቤት መውቀስ አይገባም። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ስፌቱ ተነቅሎ በሌላ ግድግዳ ሊሰቀል ይችላል፤ ለእንግዳ ማረፊያ ጌጥም ይሆናል። ነደባው ግን ከፈረሰ የሚዛወርበት ስፍራ የለም። ለሶፋ ቦታ እንዲበቃ መደቡን አፍርሶ ወለሉን የደለደለ ቤተሰብ፣ ሠርግ ወይም ለቅሶ የመጣ ዕለት ዘመድ አዝማዱ በሩን ሞልቶ ሲቆም ከጎረቤት ወንበር መለመን ይኖርበታል።